ሦስተኛውን ጥርስ ከማስነቀልዎ በፊት

አንዲት እህት የላኩልኝ ጥያቄ ረዘም ያለ ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። ዕድሜያቸው 34 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ይሠራሉ። ዓምና ሰኔ ላይ በቀኝ በኩል የታችኛውን መንጋጋ ጥርሳቸውን ውስጥ ለውስጥ ይጠዘጥዛቸው ጀመር። መጀመሪያ ተሞላ። አልተሻላቸውም። ቀጥሎ ነርቩ ወጣ። አሁንም አልተሻላቸውም። በመጨረሻ ተነቀለ። ሁለት ሳምንት ቀለል አላቸውና ሕመሙ አጠገቡ ወዳለው ጥርስ ዞረ። እሱም ተነቀለ። አሁን ደግሞ ከላይ በኩል ያለውን ያማቸዋል፤ ሐኪማቸውም «ይነቀል» ብሏቸዋል። ጆሯቸውንም ያማቸዋል፤ የአንገት በላይ ሐኪም ግን አይቶ «ጆሮሽ ደህና ነው» አላቸው። ጠዋት ሲነሱ ጉንጫቸው ይደነድናል፣ ጭንቅላታቸውን ጎንና ጎኑን ይይዛቸዋል። አፋቸውን ሲከፍቱ በቀኝ በኩል ቋ ይላል። አንድ እሁድ ጥሬ ሥጋ ሲበሉ መንጋጋቸው ለጥቂት ደቂቃ ተይዞ ቀርቶ ነበር። ሌላ ክሊኒክ ደግሞ «የጥርስሽ አገጣጠም ልክ አይደለም፤ መሞረድና ሽቦ መታሰር አለበት» ብሏቸዋል። እናታቸው ብርድ ነው ይላሉ። አክስታቸው ወጌሻ ጋ እንሂድ እያሉ ነው። ዳይክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻ ከቦርሳቸው አይጠፋም። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ላስነቅለው ወይስ ምን ላድርግ?»

እግዜር ይማርዎት እህቴ። መልሴን ከመደምደሚያው ልጀምር። አያስነቅሉ። ቢያንስ አሁን አያስነቅሉ። ጥርሱ መታመሙ በምርመራ ሳይረጋገጥ ማንም ጉጠት አያንሳ።

አላየሁዎትም፤ ስለዚህ የምጽፈው ምርመራን አይተካም። ግን የነገሩኝ ታሪክ ራሱ ብዙ ይናገራል። በእኔ ሙያ፣ በመንጋጋና በፊት ሕመም ሕክምና፣ የሥራው ግማሽ መስማት ነው። ከጻፉልኝ ውስጥ ሦስት ነገሮች ላይ ቆም አልኩ።

አንደኛው ሕመሙ ከጥርስ ወደ ጥርስ መዞሩ ነው። የታመመ ጥርስ ሲወጣ ሕመሙም አብሮት ይሄዳል። ቁስሉ ይሽራል፣ ነገሩ ያልቃል። ጥርሱ ሄዶ ሕመሙ ከቀረ፣ ያ ጥርስ ተከሳሽ እንጂ ጥፋተኛ አልነበረም። ሁለተኛው ጠዋት ጠዋት ጉንጭዎ መደንደኑና ራስዎን መያዙ ነው። ይህ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ጡንቻ ምልክት ነው። ሦስተኛው ሰኔ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ብለው ሰኔ ላይ ጀመረኝ ሲሉ፣ የበጀት መዝጊያው ታየኝ። እስከ ምሽት ኮምፒውተር ላይ አቀርቅረው፣ ጥርስዎን ነክሰው ሲሠሩ ታዩኝ። ልሳሳት እችላለሁ። ግን እስቲ አሁን፣ ይህን እያነበቡ፣ የላይና የታች ጥርሶችዎ ተነካክተዋል?

ከተነካኩ መልሱ ግማሽ መንገድ መጣ። ሰው ሳይበላና ሳይውጥ ከንፈሩ ይገጥማል እንጂ ጥርሱ አይነካካም። በመሃላቸው ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት አለ። የማኘክ ጡንቻ የሚያርፈው ያኔ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ የሚውል ሰው፣ በእጁ ባልዲ አንጠልጥሎ እንደሚውል ሰው ነው። ባልዲው ትንሽ ይሁን፤ ማታ ክንድ መዛሉ አይቀርም።

«ታዲያ ጡንቻው ከሆነ ለምን ጥርሴን ያመኛል?» ይሉኝ ይሆናል። የብዙ ሰው ጥርስ በከንቱ የሚነቀለው ይህ ስለማይታወቅ ነውና ትንሽ ልቆይበት። የጥርስን፣ የመንጋጋ መገጣጠሚያን፣ የማኘክ ጡንቻን፣ የግንባርንና የአፍንጫ ጎን ክፍተቶችን ስሜት ወደ አንጎል የሚወስደው በዋናነት አንድ ነርቭ ነው፤ ትራይጄሚናል ይባላል። ከዚያ ሁሉ ቦታ የሚመጡት መስመሮች አንጎል ግንድ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ያውቃሉ? ሒሳቡ ሲበዛ ማን እንዳበዛው ቆጣሪው አይናገርም። ሁሉም የሚያየው ጎረቤቱን ነው። አንጎልም እንዲሁ ነው። ከጉንጭ ጡንቻ የመጣውን መልእክት የመንጋጋ ጥርስ መልእክት አድርጎ ይወስደዋል። ከጆሮ በላይ፣ በጭንቅላት ጎን የተዘረጋው ጡንቻ ደግሞ ሕመሙን ወደ ላይኛው ጥርሶች ይልካል። የጆሮው ነገርም ከዚሁ ነው። የመንጋጋ መገጣጠሚያ ያለው ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ነው፤ የጋራ ግድግዳ ያላቸው ቤቶች ናቸው።

ስለዚህ ሕመሙ የሚሰማዎት ጥርስዎ ላይ መሆኑ እውነት ነው። ማንም «የለም፣ አልታመምሽም» ሊልዎት አይችልም። የሚሰማበት ቦታና የሚመነጭበት ቦታ ግን ሊለያዩ ይችላሉ።

እኔም ይህን በቀላሉ አልተማርኩትም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት አስተማሪ ጥርሴን አመመኝ ብላ መጣች። ራጁ ላይ ምንም አልነበረም። እሷ ግን «ይህ ነው፣ ንቀልልኝ» እያለች አለቀሰች። ነቀልኩላት። በወሩ ተመልሳ መጣች፤ ሕመሙ እዚያው ነው። ጥርሱ ግን የለም። ያን ቀን በመጀመሪያ ጉንጯን በጣቴ ብጫናት ኖሮ ጥርሷ ዛሬም አፏ ውስጥ ይሆን ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። ይህን የምነግርዎት ሐኪምዎን እንዳይወቅሱ ጭምር ነው። የጥርስ ሐኪም ሆነን ስንማር ስለ ጥርስ ብዙ፣ ስለ ጡንቻ ግን ጥቂት ነው የምንማረው። በአሜሪካ እንኳ የፊትና የመንጋጋ ሕመም ራሱን የቻለ የጥርስ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሆኖ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ጣት፣ ማስመሪያና ትዕግሥት ይበቃል። ሐኪሙ ጉንጭዎንና ከጆሮዎ በላይ ያለውን ጡንቻ፣ ከዚያም መገጣጠሚያውን፣ በጣቱ ጫን አድርጎ ጥቂት ሰከንድ ይይዛል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ይህ የሚያውቁት ሕመም ነው?» ቁልፉ ይህ ጥያቄ ነው። ማንም ሰው ጠንክረው ከተጫኑት ያመዋል። እርስዎን የሚያመላልስዎት ያው የጥርስ ሕመም ጉንጭዎ ሲጫን ከተቀሰቀሰ ግን ምንጩ ተገኘ። በዓለም ላይ የምንሠራበት የምርመራ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም ማዕከል ያደረገው ይህንኑ «የሚያውቁት ሕመም» ነው።

እቤትዎም መሞከር ይችላሉ። መዳፍዎን ጉንጭዎ ላይ አድርገው ጥርስዎን ንክስ ያድርጉ። ከመዳፍዎ ስር የሚያብጠው ጡንቻ እሱ ነው። አሁን ጥርስዎን ለቀቅ አድርገው ያንኑ ቦታ በሁለት ጣት ጫን ብለው ይያዙ። አምስት ሰከንድ፣ ከዚያም በላይ። ሕመሙ ወደ ጥርስዎ ከሄደ ይጻፉት፤ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ቀጥሎ አፍ ምን ያህል ይከፈታል የሚለው ይለካል። ጤነኛ ዐዋቂ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ እስከ ታችኛው ብዙውን ጊዜ 40 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይከፍታል። በጣት ሲለካ የራስዎ ሦስት ጣቶች ተደራርበው መግባት አለባቸው። ሁለት ብቻ የሚገባ ከሆነ አንድ የያዘው ነገር አለ። መንጋጋው ሲከፈት ቀጥ ብሎ ይወርዳል ወይስ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል የሚለውም ይታያል።

ጥርሱም ቢሆን ፍትሕ ይገባዋል፤ ዝም ብለን ነጻ አናወጣውም። የተሰነጠቀ ጥርስ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ሐኪሙ በብርድ ይፈትነው፣ በመሣሪያ መታ መታ ያድርገው፣ አንድ አንድ ጫፉን ነጥሎ ያስነክስዎት። ቀዝቃዛ ነገር ነክቶት ሕመሙ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም አንዱን ጫፍ ነክሰው ሲለቁ ብልጭ የሚል ሕመም ካለ፣ ጥርሱን እንጠረጥራለን። ይህ ሁሉ ካልለየለት አንድ ጥሩ ፈተና ይቀራል፤ እባክዎ ይህን አጥብቀው ይጠይቁ። ሕመሙ ባለበት ሰዓት ጥርሱ በማደንዘዣ መርፌ ይደንዝዝ። ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ደንዝዞ ሕመሙ ካልጠፋ፣ ያ ጥርስ አይነቀል። ሕመሙ ከጠፋም ለመንቀል ፈቃድ አይደለም፤ ጥርሱን በደንብ እንድንመረምረው ግን ምክንያት ይሆናል። የአንድ መርፌ ዋጋ ከአንድ ጥርስ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ኤምአርአይ ላንሳ ወይ ብለው ይሆናል። አሁን አያስፈልግዎትም። መላ መንጋጋውን የሚያሳይ አንድ ራጅ ይበቃል፤ እሱም ጥርስና አጥንት ውስጥ የተደበቀ ነገር እንዳይኖር ነው። ኤምአርአይ ስለ ዲስኩ፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ ስላለችው ትንሽ ትራስ፣ ብዙ ያሳያል። ግን ምንም የማያማቸው ሰዎችም ዲስካቸው ሸሽቶ ይገኛል። ሥዕል አይቶ ማከም አሳሳች ነው።

ስለ ድምፁ ልንገርዎት። በመገጣጠሚያው ውስጥ፣ በሁለቱ አጥንቶች መሃል፣ እንደ ትንሽ ትራስ የምታገለግል ዲስክ አለች። ይቺ ትራስ ወደ ፊት ስትንሸራተት፣ አፍ ሲከፈት አጥንቱ ዘልሎ ይወጣባታል። ቋ የሚለው ያኔ ነው። ሕመም የሌለው፣ አፍ መክፈት የማይከለክል ድምፅ ሕክምና አይፈልግም። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል። አንዳንዴ ግን አጥንቱ ትራሷ ላይ መውጣት ያቅተዋል፤ አፍ መንገድ ላይ ይቆማል። እሁድ የደረሰብዎት ይህ ይመስለኛል። ራሱ ተለቋልና አይደንግጡ። ድምፁ ድንገት ከጠፋና አፍዎ ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት ካለ ግን ድምፁ ተወኝ ብለው አይደሰቱ። በቀናት ውስጥ ይታዩ። ቶሎ ሲያዝ በቀላሉ ይለቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። እኛ ዘንድ መንጋጋ ተቆለፈ ሲባል ሰው የሚያስበው ቴታነስን ነው፤ መንጋጋ ቆልፍ የምንለውን። የእርስዎ እሱ አይደለም። ቴታነስ በጥቂት ደቂቃ አይለቅም፤ እየባሰ ሄዶ አንገትን፣ መዋጥን፣ ጀርባን ይይዛል። በተለይ በቅርቡ የቆሰለና ክትባት ያልወሰደ ሰው መንጋጋው ከደነደነ ጥርስ ክሊኒክ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሄደው። እንዲሁም አፍ አልከፈት ብሎ ትኩሳትና እብጠት ካለ፣ ኢንፌክሽን ነውና አይደር።

ሌሎችም አሉ፤ ይህን የሚያነቡት እርስዎ ብቻ አይደሉምና ልጥቀሳቸው። ዳገት ሲወጣ መንጋጋውን የሚያመው፣ ሲያርፍ የሚተወው ሰው ልቡን ይመርመር። ደረት ከጨነቀ፣ ላብ ካጠመቀ ደግሞ ሰዓቱን አያባክን። ዕድሜው ከ50 ያለፈ፣ ሲያኝክ መንጋጋው እየዛለ የሚያመው፣ አዲስ ራስ ምታት የጀመረው፣ ሲያበጥር የራስ ቆዳው የሚያመው ሰው የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይይ። የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው ከዘገየ ዓይን ያጠፋል። የሚያድር የሚውል ፊት መደንዘዝ፣ የማይድን የአፍ ቁስል፣ የሚያድግ እብጠትም አይጠበቅም።

አንዱን ግን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ እሱም ጥርስ ያስነቅላል። የትራይጄሚናል ነርቭ ሕመም። ይህ አይጠዘጥዝም። እንደ ኤሌክትሪክ ድንገት ይመታል፤ ለሴኮንዶች፣ ቢበዛ ለሁለት ደቂቃ። ፊት ሲታጠቡ፣ ጥርስ ሲቦርሹ፣ ነፋስ ሽው ሲል ይቀሰቀሳል። ሰዎች ፊታቸውን መታጠብ ፈርተው ይመጣሉ። ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ጥርስ አስነቅለው ነው የሚደርሱን። መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው፤ ካርባማዜፒን ይባላል፣ በሐኪም ክትትል ይወሰዳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ጥሩ ያስታግሳል። የእርስዎ ሕመም ሰዓታት የሚቆይና የሚጠዘጥዝ ስለሆነ አይመስለኝም።

አሁን ወደዚያ «ይሞረድ፣ ሽቦ ይታሰር» ወደሚለው ምክር። አይሁን። ይህ ሐሳብ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1934 ጄምስ ኮስተን የሚባል አሜሪካዊ የአንገት በላይ ሐኪም፣ የኋላ ጥርስ ሲጎድል መንጋጋ ከልክ በላይ እየተዘጋ መገጣጠሚያውን ይጫናል፤ የጆሮና የፊት ሕመም ከዚያ ይመጣል ብሎ ጻፈ። በኋላ የሰውነት አሠራሩን ያጠኑ ሰዎች ማብራሪያው ልክ እንዳልሆነ አሳዩ። ሐሳቡ ግን በጥርስ ሐኪሞች ዘንድ ሥር ሰደደ። ለአሥርተ ዓመታት ጤነኛ ጥርስ እየተሞረደ፣ ክራውን የሚባል ሽፋን እየተደረገበት ኖረ። በኋላ አሜሪካ ውስጥ ኦፔራ የተባለ ትልቅ ጥናት ከ2,700 በላይ የመንጋጋ ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ለዓመታት ተከታተለ። ማን ይታመማል የሚለውን በይበልጥ ያመለከቱት ሌላ የሰውነት ሕመም መኖር፣ የእንቅልፍ መበላሸትና ጭንቀት የመሳሰሉት ናቸው። ሽቦ ለቁንጅናም ለማኘክም ጥሩ ሕክምና ነው፤ ለዚህ ሕመም ብለው ግን አይታሰሩት። የተሞረደ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

የማምንበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልበል፦ ሊመለስ የሚችለው ሕክምና ሳይሞከር የማይመለሰው አይጀመር። ይህን የምለው በፍርሃት አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የብዙ ሰዎች ዲስክ ወጥቶ ፕሮፕላስት ቴፍሎን በሚባል ሰው ሠራሽ ነገር ተተክቶ ነበር። ነገሩ መገጣጠሚያው ውስጥ እየተፈረፈረ አጥንት አስበላ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ከእነዚያ ሰዎች መሃል ብዙዎቹ ከመጀመሪያው የባሰ ሕመም ይዘው ቀሩ።

እርስዎ ምን ያድርጉ? ለሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት መንጋጋዎን እንደተጎዳ እግር ይያዙት። ከሁሉም የሚበልጠው ያ የጥርስ መነካካት ነው። ኮምፒውተርዎ ጠርዝ ላይ፣ ስልክዎ ጀርባ ላይ፣ የመኪናዎ መሪ ላይ ትንሽ ባለቀለም ወረቀት ይለጥፉ። ባዩት ቁጥር ጥርስዎን ይፈትሹ። ተነክሶ ካገኙት ከንፈርዎን ገጥመው፣ «ን» እንደሚሉ ምላስዎን ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ላንቃ ላይ ያሳርፉ፣ መንጋጋዎን ልቀቁት፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ ያውጡ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሃምሳ ጊዜ ነክሰው ቢያገኙት አይገረሙ። ተራ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ከማዝዘው ሁሉ አብልጬ የማምነው ይህን ነው።

ምግቡ ለስለስ ይበል። ሽሮ፣ ፍትፍት፣ ገንፎ፣ ምንቸት አብሽ ጥሩ ነው። ጥሬ ሥጋው፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ሸንኮራው፣ ማስቲካው ለጊዜው ይቅር። ጉርሻም ትንሽ ትሁን፤ የሚያጎርስዎትን ሰው አስቀድመው ይንገሩት፤ አፍን እስከ ጥግ የሚያስከፍት ጉርሻ ለእንደዚህ ዓይነት መገጣጠሚያ አይሆንም። ሲያዛጉ አገጭዎን በእጅዎ ደገፍ ያድርጉ። በሁለቱም ጎን ያኝኩ፤ ሁለት ጥርስ በቀኝ ከወጣ ወዲህ በግራ ብቻ እያኘኩ እንደሚሆን እገምታለሁ። ጫት የሚቅሙ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ይወቁ፦ በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት መያዝና ማኘክ ለዚሁ ጡንቻና መገጣጠሚያ ከባድ ጭነት ነው፤ እሱ ሳይቆም ሌላው ሕክምና ብዙም አይረዳም።

ጠዋትና ማታ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉንጭዎ ላይ 15 ደቂቃ ያድርጉ። ከዚያ ጡንቻውን በጣትዎ ክብ እየሠሩ ይሹት። ምላስዎን ላንቃ ላይ እንዳሳረፉ አፍዎን ቀስ አድርገው ስድስት ጊዜ ይክፈቱ ይዝጉ፤ ቋ ከማለቱ በፊት ያቁሙ። ይህን በቀን ስድስት ጊዜ ያድርጉት። ፊዚዮቴራፒስት ካገኙ በጣም ጥሩ ነው፤ አንገትዎንም አብሮ ይሥራ። ስልክ በትከሻና በጆሮ መሃል አይያዝ። በሆድ መተኛትም መንጋጋን ይጫናል።

ቡና አልከለክልዎትም። ግን የምሽቱ ይቅር። እንቅልፍ ሲበላሽ ሕመም እንደሚጨምር ከታካሚዎቼ በየቀኑ አየዋለሁ። ለጭንቀት ወይም ለድብርት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ አንዳንዶቹ ጥርስ ማፋጨት ያመጣሉ። መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቁሙ።

ዳይክሎፌናኩ ያሳስበኛል። ለአንድ ሳምንት ከምግብ ጋር መውሰድ አንድ ነገር ነው፤ ለዓመት ከቦርሳ አለመጥፋቱ ሌላ ነው። ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊት ይጨምራል። ሌላም አለ። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር ያህል ማስታገሻ የሚወስድ ሰው፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። የጠዋቱ ራስ ምታትዎ ግማሽ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ስንት ቀን እንደወሰዱ ካላንደር ላይ ምልክት ያድርጉና ለሐኪም ያሳዩ። ትራማዶል የሚባለውን ጠንካራ ማስታገሻ የሚጨምርልዎት ካለ አይቀበሉ። ሕመሙ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ፣ ሐኪምዎ ማታ ማታ በትንሹ አሚትሪፕቲሊን ሊያዝዝልዎት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በ10 ሚሊግራም ይጀመራል። ለድብርትም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ እዚህ ግን የሚሰጠው ለሕመሙ ነውና ስሙን ሰምተው አይደንግጡ።

ናይት ጋርድ የሚባለውን የፕላስቲክ መከላከያስ? የኔ አቋም መካከለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ቢኤምጄ በሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የመንጋጋ ሕመም አጥብቆ የመከረው ሕመምን ለመቋቋም የሚያሠለጥን የንግግር ሕክምናን፣ በባለሙያ እጅ የሚሠራ የመንጋጋና የጡንቻ ሕክምናን፣ እንቅስቃሴንና እርስዎ ራስዎን የሚንከባከቡበትን ምክር ነው። መከላከያውን ግን፣ አጥብቆ ባይከለክልም፣ አልደገፈውም። እኔም በመጀመሪያ አላዝዘውም። ጥርሱ በሌሊት ማፋጨት እየተበላ ላለ ሰው ግን ጥርሱን ይጠብቅለታል። ካሠሩ ጥርሱን በሙሉ የሚሸፍን፣ ማታ ብቻ የሚደረግ ይሁን። የፊቱን ብቻ ወይም የኋላውን ብቻ የሚሸፍነው ለረጅም ጊዜ ሲደረግ አገጣጠምን ይቀይራል።

የንግግር ሕክምና ስላልኩ ሕመሙ በሐሳብ የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። ከሦስት ወር ያለፈ ሕመም ነርቮቹን ራሳቸውን ሊያነቃቸው ይችላል፤ ትንሽ ንክኪ ትልቅ ሆኖ ይሰማል። ያንን ለማብረድ እንቅልፍ፣ ዕረፍትና የጭንቀት አያያዝ እውነተኛ ሕክምና ናቸው።

አክስትዎን በአክብሮት እንቢ ይበሏቸው። ወጌሻ የተሰበረ ክንድ ላይ ያለውን ልምድ አልንቅም። ይህን መገጣጠሚያ ግን በኃይል ጎትቶ ማስገባት ጅማቱን ሊበጥስ፣ ዲስኩን ሊያባብስ ይችላል። አፍ ተከፍቶ አልዘጋ ያለበት ጊዜ እንኳ የሚመልሰው የሠለጠነ እጅ መሆን አለበት። እናትዎ የሚሉት ብርድ ደግሞ ከእውነት ብዙም አልራቀም፤ የበረደው ሰው ጥርሱን ይነክሳል፣ ትከሻውን ይሰበስባል። ሻርፕ ጠቅለል አድርገው መሄድዎ አይጎዳዎትም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ መገጣጠሚያው ቢቆለፍና በእጅ ሕክምና አልለቅ ቢል፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ውስጥ ከመግባት በፊት ሌላ መንገድ አለ። በኢየሩሳሌም የሠሩት ዶሪት ኒትዛን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ያስተዋወቁት ነው። በሁለት ቀጫጭን መርፌ መገጣጠሚያውን በንጹሕ ፈሳሽ ማጠብ ነው። የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪሞች ይሠሩታል። እርስዎ ግን እዚያ የሚደርሱ አይመስለኝም።

የቀጠሮዎ ቀን ሲደርስ ይሂዱ፤ አይቅሩ። ሐኪምዎንም እንዲህ ይበሉት፦ «ዶክተር፣ ሁለቱ ከወጡ በኋላ ሕመሙ አልሄደም። ከመንቀል በፊት የጉንጬን ጡንቻ ጫን ብለህ እይልኝ። ጥርሱንም በብርድ ፈትነው፤ ካልለየ አደንዝዘህ እይልኝ።» ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም። ከተቀየመ ሌላ ይፈልጉ። ዛሬ ማታ አፍዎ ስንት ሚሊሜትር እንደሚከፈት በማስመሪያ ለክተው ይጻፉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይለኩና፣ ማስታገሻ ከወሰዱባቸው ቀናት ብዛት ጋር ሁለቱንም ቁጥር ይላኩልኝ። ብቻ የሚቀጥለው ሰኔ ሳይገባ ይጀምሩት።